ዝም ያለው ሬዲዮና የተናገረው ሬዲዮ

ልደታ ሰፈር የሚኖር ሰው በየቀኑ የሚሰማቸው፣ ግን ቆም ብሎ የማያስብባቸው ሁለት ስሞች አሉ። አንደኛው «ኤርፖርት» ነው። ሜክሲኮ ቆማችሁ ረዳቱ «ሳር ቤት፣ ኤርፖርት!» እያለ ሲጣራ ቦሌን ማለቱ እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። የድሮውን፣ የልደታውን ማለቱ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ሲያደርግ ቦሌ የሚባል አውሮፕላን ማረፊያ አልነበረም። እስከ 1950ዎቹ ድረስ አውሮፕላኖቹ የሚነሱትና የሚያርፉት ልደታ ነበር። ዛሬ አውሮፕላኑ የለም፤ ስሙ ግን በታክሲ ይመላለሳል።

ሁለተኛው ስም «ንፋስ ስልክ» ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ንፋስ የሚበዛበት ሰፈር ይመስለኝ ነበር። ነገሩ ሌላ ነው። ገመድ የሌለው ቴሌግራፍና ሬዲዮ ወደ አገራችን ሲመጣ ሰዉ ያየው ነገር ምሰሶ ነው፤ ከምሰሶው የሚወጣ ሽቦ ወደየትም አይሄድም። ወሬው ግን ይሄዳል። ታዲያ በምን ይሄዳል? በንፋስ። የንፋስ ስልክ ተባለ፤ ጣቢያው የቆመበት አካባቢም ስሙን ወሰደ። «ዋየርለስ» ለሚለው ቃል ከዚህ የተሻለ ትርጉም ያገኘ ቋንቋ ያለ አይመስለኝም።

ይህን ሁሉ ለማሰብ ምክንያት የሆነኝ ዝምታ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ላይ ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ አክስቴ እዚያ ነበረች። ስልክ ተቋረጠ። ከአንድ ወር በላይ ጠዋት ማታ ስደውል የሚመልስልኝ የዚያች የተቀዳች ሴትዮ ድምፅ ብቻ ነበር። ይህ የደረሰባችሁ ስንቶቻችሁ እንደሆናችሁ መገመት አያቅተኝም፤ ባለፉት ዓመታት በዚህ አገር ዘመዱ ከኔትወርክ ውጭ ሆኖበት ያላደረ ሰው ጥቂት ነው። በእነዚያ ሌሊቶች እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ስለ ጠፉ ሰዎችና ስለ ሬዲዮ የተጻፈ ነገር አነብ ነበር። እንዲህ እያልኩ ነው አንታርክቲካ ድረስ የሄድኩት። እዚያም ያገኘሁት 1928 ዓ.ም.ን ነው፤ የማይጨውን ዓመት።

ኅዳር 13 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 23 ቀን 1935፣ ሊንከን ኤልስዎርዝ የሚባል አሜሪካዊ ባለጸጋና ኸርበርት ሆሊክ ኬንየን የሚባል ፓይለት ዳንዲ ከምትባል ደሴት በአንዲት ትንሽ አውሮፕላን ተነሱ። የአውሮፕላኗ ስም ፖላር ስታር ነው። ዓላማቸው አንታርክቲካን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ ነበር፤ 3,500 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ማንም ሰው አይቶት የማያውቅ በረዶ። ኤልስዎርዝ የከሰል ማዕድን ሀብት የወረሰ ሰው ነው። የሚያደንቀው የዱር ምዕራብ ሕግ አስከባሪ ነበርና መርከቡን በእሱ ስም «ዋያት ኧርፕ» ብሎ ሰየማት። መርከቧ የኖርዌይ ዓሣ አጥማጆች የነበረች የእንጨት ጀልባ ናት፤ በረዶው እንዳይበላት ጎኗን በኦክ እንጨትና በብረት አስለብሷታል። ሰውየው እንዲህ ያለ ሰው ነው፤ ገንዘብም አለው፣ የልጅ ሕልምም አለው።

ከተነሱ ስምንት ሰዓት ገደማ በኋላ የአውሮፕላኗ ሬዲዮ ማስተላለፊያ ተበላሸ። መርከቧ ላይ ሆኖ የሚያዳምጠው ሰው የተቆራረጠ ነገር ሰማ፤ ከዚያ ምንም።

እነሱ ግን ደህና ነበሩ። ችግሩ ደህና መሆናቸውን የሚያውቁት እነሱ ብቻ መሆናቸው ነው። አራት ጊዜ በረዶ ላይ አረፉ። አንዱ ቦታ ላይ ዐውሎ ነፋስ ለቀናት ድንኳን ውስጥ ዘጋባቸው። በእጅ እየተዘወረ የሚሠራ ትንሽ የመጠባበቂያ ሬዲዮ ነበራቸው፤ ዘወሩ፣ ጠሩ፣ ማንም አልሰማቸውም። ኅዳር 25 ቀን ነዳጃቸው አለቀ። ሊሄዱበት ያሰቡት ሊትል አሜሪካ የሚባል፣ አድሚራል ሪቻርድ በርድ የተወው ባዶ ካምፕ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቀርቷቸው ነበር። ያንን ለማግኘት ግን አሥር ቀን ፈጀባቸው፤ ቤቶቹ በረዶ ውስጥ ተቀብረዋላ። በመጨረሻ በጣሪያ በኩል ገቡ። ውስጥ ምግብ ነበር፣ ምድጃ ነበር፣ የሚነበብ ነገርም ነበር። ተቀመጡና መርከብ ጠበቁ።

ዓለም ይህን አያውቅም። ዓለም የሚያውቀው ሬዲዮው ዝም ማለቱን ነው። በዚያን ዘመን ደግሞ የዋልታ ጉዞ ማለት ጋዜጣ ማለት ነበር። በርድ ከአንድ ዓመት በፊት ከዚያው ከሊትል አሜሪካ በአጭር ሞገድ ለአሜሪካ ሕዝብ የሬዲዮ ፕሮግራም ያስተላልፍ ነበር። አጭር ሞገድ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከምድር በላይ መቶዎች ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያለው በኤሌክትሪክ የተሞላ የአየር ንጣፍ እንደ ጣሪያ መልሶ ያነጥረዋል። እየነጠረ እየነጠረ ውቅያኖስ ይሻገራል። ስለዚህ ኒው ዮርክ ያለ ቤተሰብ ራት እየበላ ከዓለም መጨረሻ የሚመጣ ድምፅ መስማት ለምዶ ነበር። ድምፁ ሲጠፋ ሁሉም ሰው ልብ አለው።

እዚህ ላይ ነው የዚህ ጽሑፍ መርከብ የምትመጣው። ዲስከቨሪ 2 ትባላለች። በ1921 ዓ.ም. ገደማ፣ በፈረንጆቹ 1929፣ ስኮትላንድ ውስጥ ተሠርታ ያለቀች የእንግሊዝ መንግሥት የምርምር መርከብ ናት። ርዝመቷ 71 ሜትር ያህል ነው። ሥራዋ የደቡብን ባሕርና የዓሣ ነባሪን ኑሮ ማጥናት ነበር፤ ወጪዋም የሚሸፈነው ከዓሣ ነባሪ አዳኞች ላይ በሚሰበሰብ ቀረጥ ነው። ከእሷ በፊት ወደ ዋልታ የሚሄዱ መርከቦች ባብዛኛው ከእንጨት ነበሩ፤ እንጨት በረዶ ሲጨምቀው ትንሽ ይታጠፋል፣ ብረት ግን ይሰነጠቃል ተብሎ ይፈራ ነበር። ዲስከቨሪ 2 ሙሉ በሙሉ ከብረት ተሠርታ፣ በረዶ እንዲችል ሰውነቷ ተጠናክሮ ወጣች። በረዶ ሰባሪ አይደለችም። በረዶን የምትገፋው ክፍተት እየፈለገች፣ እየታገሰች ነው። በ1932 የፈረንጆች ዓመት በክረምት አንታርክቲካን ዙሪያዋን በመዞር የመጀመሪያዋ ሆናለች።

እኔን በጣም የሳበኝ ግን ጆሮዋ ነው። ይህች መርከብ በሁለት አቅጣጫ ታዳምጣለች። ወደ ታች ድምፅ ትልካለች፤ ድምፁ የባሕሩን ወለል መትቶ እስኪመለስ ያለውን ጊዜ ትለካና ጥልቀቱን ታውቃለች። ድምፅ በባሕር ውኃ ውስጥ በሰከንድ 1,500 ሜትር ያህል ስለሚሮጥ፣ ከአራት ሰከንድ በኋላ የተመለሰ ድምፅ ሦስት ሺህ ሜትር ጥልቀት አለ ማለት ነው። ወደ ላይ ደግሞ በአንቴናዋ ሞርስ ትልካለች፣ ትቀበላለች። አቅጣጫ መፈለጊያ መሣሪያም አላት፤ ምልክቱ ከወዴት እንደመጣ ታውቃለች። ካርታ በሌለው፣ ኮከብ በማይታይበት፣ ጉም በዋጠው ባሕር ላይ ከዚህ ሌላ የሚታመን ነገር የለም። የሬዲዮ ክፍሉ ሰው በጠባብ ክፍል ውስጥ ጆሮው ላይ ማዳመጫ አድርጎ የተቀመጠ ሰው ነው። የመርከቧ ነፍስ ከካፒቴኑ ይልቅ እሱ ዘንድ ያለች ይመስለኛል። ይቅርታ፣ ካፒቴን ሂል።

የአውስትራሊያ መንግሥት ጠየቀ፣ ለንደን ፈቀደች፣ ዲስከቨሪ 2 የምርምር ሥራዋን አቋርጣ ሜልቦርን ገባች። ኤሪክ ዳግላስና አሊስተር መርዶክ የሚባሉ ሁለት የአውስትራሊያ አየር ኃይል መኮንኖች ሁለት አውሮፕላን ይዘው ተሳፈሩ። በፈረንጆች ገና ሰሞን ተነሳች። በኒውዚላንድ በኩል አድርጋ ሰፊውን የበረዶ ቀበቶ አልፋ በጃንዋሪ 15 ቀን 1936 ገደማ፣ በእኛ በጥር የመጀመሪያ ሳምንት ማለት ነው፣ የዓሣ ነባሪዎች ባሕረ ሰላጤ ደረሰች። ዳግላስና መርዶክ በትንሿ አውሮፕላን ተነስተው በካምፑ ላይ ሲያንዣብቡ አንድ ሰው ከበረዶው ውስጥ ብቅ አለ። ከላይ በፓራሹት ምግብና ደብዳቤ ጣሉለት። ሆሊክ ኬንየን በእግሩ ወደ መርከቧ ሄደ፤ ኤልስዎርዝ ጉንፋን ይዞት ተኝቶ ነበር። ወሬው በመርከቧ ሬዲዮ ወዲያው በዓለም ተበተነ። በጥምቀታችን ሰሞን ደግሞ የራሱ መርከብ ዋያት ኧርፕ ደረሰች፤ ባልደረባው ሁበርት ዊልኪንስ እሱም በበኩሉ እየፈለገው ነበር። ማለትም እንግሊዞች ባይመጡም ሰዎቹ ይገኙ ነበር። ኤልስዎርዝም ቢሆን ራሱን እንደ ጠፋ ሰው አልቆጠረም።

ታሪኩ ያምራል፣ ሁለት ሰው ለማዳን አንድ አገር መርከብ ሰጠ፣ ሌላው አውሮፕላን ሰጠ። አንብቤ ስጨርስ ደስ ብሎኝ ነበር። ቀኖቹን ወደ እኛ አቆጣጠር ስመልስ ነው ደስታው የተበላሸው።

እዚህ አዲስ አበባ በዚያው ዓመት ሬዲዮው አልተበላሸም ነበር። አቃቂ የተተከለው ጣቢያ ይሠራል። የሠራው አንሳልዶ የሚባል የጣሊያን ኩባንያ ነው። ይህ ስም የተለመደ ከመሰላችሁ አልተሳሳታችሁም፤ በዚያው ጦርነት ላይ የዘመቱት ትናንሽ ታንኮች ፊያት አንሳልዶ ይባላሉ። አንዱ እጅ ምሰሶ ተከለልን፣ ሌላው ታንክ ላከብን። ያም ሆኖ ጣቢያው ለኢትዮጵያ ትልቅ ነገር ነበር። ከዚያ በፊት ከአዲስ አበባ ወደ ውጭ የሚወጣ ቃል ሁሉ በሌላ ሰው እጅ ያልፋል፤ ወይ በባቡሩ ሐዲድ አጠገብ ወደ ጅቡቲ፣ ወይ በሰሜን በኩል ወደ አስመራ በሚሄደው መስመር። አንደኛው ጫፍ ፈረንሳይ ናት፣ ሌላኛው ጫፍ ጣሊያን ናት። የንፋስ ስልክ ሲመጣ ግን ሽቦውን የሚቆርጥ የለም። ንፋስ ማን ይቆርጣል?

በ1928 አዲስ ዓመት ሰሞን፣ ጦርነቱ ሊጀመር ሳምንታት ሲቀሩት፣ ንጉሠ ነገሥቱ በሬዲዮ ለዓለም ተናገሩ። እቴጌ መነንም ለዓለም ሴቶች ተናገሩ። ንግግሩ ተሰማ፤ ጋዜጣ ላይ ታተመ። ከተማው በውጭ ጋዜጠኛ ተጥለቅልቆ ነበር፤ ከመቶ ይበልጣሉ ይባላል። ኢቭሊን ዎ ከእነሱ አንዱ ነው፤ በኋላ ይህንን የጋዜጠኞች ትርምስ የሚያሾፍበት ልብ ወለድ ጽፏል። እኛን ሳይሆን ባልደረቦቹን ነው ባብዛኛው የሚያሾፍባቸው፤ እኛንም ግን አልማረንም። ለማንኛውም፣ በዚያን ጊዜ ኢትዮጵያ ያልተሰማች አገር አልነበረችም። ምናልባት ከምንጊዜውም በላይ የተሰማችበት ጊዜ ነበር።

መስከረም 22 ቀን የጣሊያን ጦር መረብን ተሻገረ። አሁን ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን አስቀምጡልኝ። ኤልስዎርዝ ነዳጁ ያለቀበት ቀን ኅዳር 25 ነው። በማግስቱ፣ ኅዳር 26 ቀን፣ የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ። ከተማው ተቃጠለ፤ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት የአሜሪካ ሚሲዮን ሆስፒታልም ተመታ። ንጉሠ ነገሥቱ እዚያው ነበሩ፤ መትረየስ ይዘው ወደ ሰማይ ሲተኩሱ የተነሱት ፎቶ ከዚያ ቀን ነው። የጋዜጠኞቹ ቴሌግራም ወዲያው ሄደ፤ ዓለም በማግስቱ አነበበ። የአክስቴ ከተማ ከዘጠና ዓመት ገደማ በፊት ስትቃጠል ለንደን ሰምታለች ማለት ነው። እኔ ልደታ ተቀምጬ ያልሰማሁትን።

ለንደን በዚያ ሳምንት ምን ትሠራ ነበር? ሁለት ነገር። አንደኛው፣ ዲስከቨሪ 2ን ወደ ፍለጋ መላክ ነው። ሁለተኛው፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሳሙኤል ሆር ፓሪስ ሄዶ ከፒየር ላቫል ጋር ያዘጋጀው ወረቀት ነው። ወረቀቱ ከኢትዮጵያ ሰፊ መሬት ቆርሶ ለጣሊያን የሚሰጥ፣ ለእኛ ደግሞ ለማካካሻ ወደ ባሕር የምታደርስ ቀጭን መተላለፊያ የሚተው ነበር። የፓሪስ ጋዜጦች አወጡት፣ የእንግሊዝ ሕዝብ ተቆጣ፣ ሆር ታኅሣሥ 8 ቀን ሥልጣኑን ለቀቀ። ቁጣው እውነተኛ ነበር፤ ይህን መካድ አልችልም። ከቁጣው በኋላ ግን ነዳጅ ለጣሊያን እንዳይሸጥ አልተከለከለም። የስዊዝ ቦይ አልተዘጋም። ወታደርና ጥይት የጫኑት የጣሊያን መርከቦች ቀረጣቸውን እየከፈሉ አለፉ።

ዲስከቨሪ 2 ከሜልቦርን በተነሳችበት በዚያው ሳምንት፣ በታኅሣሥ አጋማሽ፣ ተከዜ ላይ በራስ እምሩ ጦር ላይ የመርዝ ጋዝ ወረደ። ኢትዮጵያ በወሩ ሳይጨርስ ለመንግሥታት ማኅበር ጄኔቫ አቤቱታ ላከች። ታኅሣሥ 20 ቀን ደግሞ በደቡብ በዶሎ ግንባር በኩል የስዊድን ቀይ መስቀል ድንኳኖች በቦምብ ተመቱ፤ ብዙ ቁስለኞች ሞቱ፣ ጉናር ሉንድስትሮም የሚባል ስዊድናዊም ሞተ። ዳግላስና መርዶክ በሊትል አሜሪካ ላይ ሲያንዣብቡ የራስ ደስታ ጦር ገናሌ ዶሪያ ላይ እየተሰበረ ነበር። ከአንደኛው አውሮፕላን ምግብና ደብዳቤ በፓራሹት ይወርዳል። ከሌላኛው የሚወርደውን ታውቃላችሁ።

ይህን ንጽጽር ስጽፍ ራሴን ሳልጠረጥር አልቀረሁም። ሁለት ሰው ከበረዶ ማውጣትና አንድ አገር ከጦርነት ማውጣት እኩል አይደለም። አንታርክቲካ ላይ ጠላት የለም፤ የሚቀየመው ጎረቤትም የለም፤ ለመርከቧ ከሰልና ጊዜ ብቻ ነው የሚያስፈልጋት። ሙሶሊኒን መንካት ግን ዋጋ አለው፤ እንግሊዝና ፈረንሳይ ሂትለርን እያዩ ያንን ዋጋ ፈሩ። እሺ፣ ይሁን። ዝምታው አስጨንቋቸው መርከብ ያላኩትን ሰዎች መውቀስም አይገባኝም፤ ጥሩ ነገር ነው የሠሩት። ግን ከልጅነታችን ጀምሮ የሚነገረን አንድ ነገር አለ፤ «ዓለም ያላወቀልን ድምፃችን ስላልደረሰ ነው» የሚል። በ1928 ድምፃችን ደርሷል። ከአቃቂ እስከ ኒው ዮርክ ያለው ርቀት ከሊትል አሜሪካ እስከ ኒው ዮርክ ካለው አይበልጥም፤ እንዲያውም ያንሳል።

ድምፁን በደንብ ያዳመጠው ሌላ ነበር። ሬዲዮ እንደ ሽቦ አይደለም፤ የላከውን ሁሉም ይሰማዋል። አንቴና ያለው ሁሉ ተጋባዥ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከጦር አዛዦቻቸው ጋር የሚለዋወጡትን የሬዲዮ መልእክት የማርሻል ባዶሊዮ ሰዎች ይጠልፉት ነበር። ባዶሊዮ ይህንን አልደበቀም፤ በዚያው ዓመት ባሳተመው የጦርነት መጽሐፉ ውስጥ ከማይጨው በፊት ንጉሠ ነገሥቱ ለእቴጌይቱ የላኩትን መልእክት ሳይቀር አውጥቶታል። አንድ ባል ለሚስቱ የላከው ቃል ጠላት ጠረጴዛ ላይ ተነበበ። ሳነበው የተሰማኝን ነገር ለመግለጽ ቃል አጥቻለሁ፤ የሰው ስልክ ሰርቆ ቻት እንደማንበብ ያለ ነገር ነው፣ ግን በዚያ ላይ የብዙ ሺህ ሰው ሕይወት አለ።

በሌላ በኩል ደግሞ ሬዲዮ የሚያስፈልጋቸው አልነበራቸውም። ራሶቹ ከራሶች ጋር በወጉ አይገናኙም፤ መልእክት በሯጭና በበቅሎ ቀናት ይወስዳል። አንዱ ግንባር ሲሰበር ሌላው ሳያውቅ ይቆማል። ክፍተቱን ይሞሉ ከነበሩት አንዱ ጆን ሮቢንሰን ነው፤ ከቺካጎ የመጣ ጥቁር አሜሪካዊ ፓይለት። መሣሪያ በሌላት አውሮፕላን መልእክት ይዞ በአዲስ አበባና በግንባሩ መካከል ይመላለስ ነበር። ሬዲዮው መሆን የነበረበትን ነገር አንድ ሰው በሥጋው ሆነው ማለት ነው። ከጦርነቱ በኋላ ተመልሶ መጥቶ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎችን አሠልጥኗል፤ በ1946 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በደረሰበት የአውሮፕላን አደጋ ሞቶ ጉለሌ ተቀብሯል። ስለ እሱ ብቻ ረጅም ጽሑፍ ያስፈልጋል፤ ሌላ ጊዜ።

የካቲት ላይ ኤልስዎርዝ በዲስከቨሪ 2 ተሳፍሮ ሜልቦርን ገባ፤ በክብር ተቀበሉት። በዚያው ሰሞን አምባ አራዶም ወደቀ። መጋቢት 22 ማይጨው ሆነ። ሚያዝያ 24 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ በባቡር ወደ ጅቡቲ ሄዱ። ከዚያ የወሰዳቸውም የእንግሊዝ መርከብ ነው፤ ኤንተርፕራይዝ የተባለች የጦር መርከብ። ማለትም በመጨረሻ ለእኛም መርከብ መጣች። ሰው ለመውሰድ።

ሰኔ 23 ቀን ጄኔቫ ላይ ማይክሮፎኑ ፊት ቆሙ። ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ከጋዜጠኞች ሰገነት ላይ የጣሊያን ጋዜጠኞች ፉጨት አወረዱባቸው። ሮማኒያዊው ዲፕሎማት ቲቱሌስኩ ተነስቶ ረባሾቹን አስወጡልን ብሎ ጮኸ። ፖሊስ እስኪያስወጣቸው ድረስ ዝም ብለው ጠበቁ። ከዚያም በአማርኛ ተናገሩ። ማይክሮፎኑ ይሠራ ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ በጣሊያን ላይ የነበረው ማዕቀብ ተነሳ።

ዲስከቨሪ 2 ከዚያ በኋላም ብዙ ዓመት ሠርታ በፈረንጆች 1962 ፈርሳ ለብረት ተሸጠች። ዋያት ኧርፕ ስሟ ተቀይሮ ዕቃ ስትጭን ኖራ አውስትራሊያ ዳርቻ ላይ ተሰብራ ቀረች። ሬዲዮዋ የተበላሸባት ፖላር ስታር ግን አሁንም አለች፤ ዋሽንግተን የሚገኘው የአቪዬሽን ሙዚየም ያኖራታል።

የአክስቴ ስልክ የተከፈተው ታኅሣሥ ላይ ነው። ሦስት ጊዜ ጠርቶ አነሳችው። «ሃሎ» አልኩ። ዝም አለች፤ የሆነ ነገር ታዳምጣለች። ከኋላዬ፣ በመስኮቱ በኩል፣ ረዳቱ ይጣራል።

«ልደታ ነህ?» አለችኝ።